ከረጅም በረራ በፊት ከተማ ለሚጎበኙ ጥንዶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሆቴሉን ረፋዱ ላይ አስረክባችሁ በረራው ማታ ሲሆን፣ በመካከል ያለው ሰዓት ከጉዞው ሁሉ በቀላሉ የሚባክነው ነው። ወይ ኤርፖርት ወንበር ላይ ያልቃል፣ ወይ አንድ ቦታ ለመጨመር ሲሮጥ በረራው ያመልጣል። የሁለቱም መድኃኒት አንድ ነው፤ የመጨረሻውን ቀን ከበረራው ሰዓት ወደ ኋላ እየቆጠሩ ማቀድ። ከታች ያሉት ሰዓቶች በሙሉ ትኬት ላይ እንደሚጻፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው፤ ቆጠራው የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው።

ለጉብኝት በእውነት የሚተርፈን ስንት ሰዓት ነው?

በምሳሌ እንየው። በረራችሁ 23:30 ላይ ይነሳል እንበል። ብዙ አየር መንገዶች ለረጅም ዓለም አቀፍ በረራ ሻንጣ መቀበል የሚያቆሙት ከመነሻው 60 ደቂቃ ቀደም ብለው ነው፤ 75 ወይም 90 ደቂቃ የሚሉም ስላሉ የእናንተን ከትኬታችሁ ደንብ ላይ አረጋግጡ። የመሳፈሪያው በር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሲቀረው ይዘጋል። ሻንጣ ለማስረከብ፣ ለደህንነት ፍተሻና ለኢሚግሬሽን ሰልፍ ሦስት ሰዓት ያዙ። ስለዚህ 20:30 ላይ ኤርፖርት ናችሁ።

መንገዱ 45 ደቂቃ ከሆነ 30 ደቂቃ መጠባበቂያ ጨምሩና 19:15 ላይ ከከተማው ውጡ። ሻንጣ ለማውጣት፣ ለመታጠብና ልብስ ለመቀየር 45 ደቂቃ፤ 18:30 ላይ ሻንጣው ያለበት ቦታ መሆን አለባችሁ። ከመጨረሻው የጉብኝት ቦታ እስከዚያ ድረስ ሌላ 45 ደቂቃ ስጡት። ጉብኝቱ 17:45 ላይ አበቃ ማለት ነው። ሆቴሉን 11:00 ላይ ካስረከባችሁ በእጃችሁ ያለው 6 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው፤ ምሳና እረፍት 1 ሰዓት ከሩብ ሲወስድ 5 ሰዓት ተኩል ይቀራል። ይህ ለአንድ ትልቅ ቦታ፣ ለአንድ ትንሽ ቦታና በመካከላቸው ዘና ብሎ ለመራመድ ይበቃል። ሦስተኛ ቦታ ካስገባችሁ ሦስቱንም በሩጫ ታያላችሁ።

ያንን የ30 ደቂቃ መጠባበቂያ ለሌላ ነገር አትንኩት። በብዙ ከተሞች ከ17:00 እስከ 19:00 ሰው ከሥራ የሚወጣበት ሰዓት ነው፤ ቀን 40 ደቂቃ የሚፈጀው መንገድ ያን ጊዜ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ቀላሉ ማረጋገጫ፣ በዋዜማው ልክ በምትነሱበት ሰዓት ካርታችሁን ከፍቶ መንገዱ ስንት ደቂቃ እንደሚል ማየት ነው። ነገር ግን የሥራ ቀንን ከሥራ ቀን ጋር አነጻጽሩ፤ የእሑድ ምሽት ስለ ሰኞ ምሽት ምንም አይነግራችሁም።

በረራው ጠዋት ወይም ከሰዓት በኋላ ከሆነስ?

ጠዋት 10:00 ከሆነ የዕለቱን ጉብኝት እርሱት፤ ዋዜማውን እንደ መጨረሻ ቀን ቁጠሩት፣ ማታም ቶሎ ተኙ። 15:00 ከሆነ ግን ማለዳው ይጠቅማል። ሙዚየሞች ብዙ ጊዜ 9:00 ወይም 10:00 ላይ ስለሚከፈቱ እነሱን ተዉአቸውና በር የሌላቸውን ቦታዎች ምረጡ፦ የወንዝ ዳር መንገድ፣ አሮጌ ሰፈር፣ መናፈሻ፣ ከፍታ ላይ ያለ አደባባይ። ከ7:00 እስከ 9:30 ከተማው ገና ሳይጨናነቅ የሚታየው ነገር፣ ቀን ተሰልፎ ከሚታየው ብዙ ጊዜ ይበልጣል።

ትኬቱ «ረቡዕ 00:40» ይላል። ኤርፖርት የምንሄደው መቼ ነው?

ማክሰኞ ማታ፣ 21:40 ገደማ። ይህ ስህተት ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል፤ ረቡዕን ሙሉ ከተማ ሲዞሩ ውለው ማታ ኤርፖርት ሲደርሱ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ሰዓትን ከንጋትና ከምሽት ጀምሮ መቁጠር የለመደ ሰው ደግሞ 01:10ን «አንድ ሰዓት ከአሥር» ብሎ ጠዋት ወይም ምሽት ሊያደርገው ይችላል። 01:10 ማለት ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ከአሥር ነው። ትኬቱ በእጃችሁ እንደገባ በሁለታችሁም ስልክ ላይ «ማክሰኞ ማታ 21:40 ኤርፖርት» ብላችሁ ማስታወሻ አስገቡ።

ቪዛችሁም ከዚህ ጋር ይያያዛል። የመቆያ ፈቃዳችሁ የመጨረሻ ቀን ማክሰኞ ከሆነ የመውጫ ማህተሙ ከእኩለ ሌሊት በፊት መመታት አለበት፤ ኢሚግሬሽኑን ረቡዕ 00:05 ላይ ብታልፉ ቀን እንዳሳለፋችሁ ሊቆጠር ይችላል።

ሻንጣችንን የት እንተወው?

መጀመሪያ የሚታሰበው ሆቴሉ ነው። አብዛኞቹ ሆቴሎች ክፍሉን ካስረከባችሁ በኋላም እስከ ማታ ያስቀምጡላችኋል፤ ብዙዎቹም አያስከፍሉም። ሁለተኛው በባቡር ጣቢያዎች ያለው ሎከር (በክፍያ የሚቆለፍ የዕቃ ሳጥን) ወይም የሻንጣ ማቆያ ነው። ሦስተኛው ኤርፖርቱ ራሱ ነው፤ ሻንጣውን ጠዋት ወስዶ በባዶ እጅ ወደ ከተማ መመለስ ጥሩ የሚሆነው ግን ኤርፖርቱ ቅርብ ሲሆን ብቻ ነው።

መምረጫው ሻንጣው በመጨረሻው የጉብኝት ቦታና በኤርፖርቱ መካከል መሆኑ ነው። ከተማውን አቋርጦ ሻንጣ ሊያመጡ ሄዶ እንደገና አቋርጦ መመለስ እስከ ሁለት ሰዓት ይበላል። ከመተዋችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦ ቦታው ስንት ሰዓት ይዘጋል? በዚያ ሰዓት የሻንጣ ክፍሉን ቁልፍ የያዘ ሰው አለ? ሎከሩ ለስንት ሰዓት ነው የተከፈለበት፣ ሰዓቱ ካለፈስ? ትልቁ ሻንጣ ይገባል? ብዙ ሎከሮች ለእጅ ሻንጣ የተሠሩ ስለሆኑ ትልልቆቹ ሳጥኖች ቀድመው ይያዛሉ። ከተዋችሁ በኋላ የሎከሩን ቁጥር፣ የጣቢያውን መግቢያና ደረሰኙን ፎቶ አንሱ፣ ፎቶውም በሁለታችሁ ስልክ ይኑር። ትልቅ ጣቢያ ውስጥ ሎከሩን መልሶ ለማግኘት ግማሽ ሰዓት የፈጀባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው።

ፓስፖርት፣ ገንዘብ፣ በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት፣ ጌጣጌጥና ላፕቶፕ በተተወ ሻንጣ ውስጥ አይቀሩም።

ቀኑን ምን ይዘን እንውጣ?

ለሁለት ሰው አንድ ቀላል የጀርባ ቦርሳ ይበቃል፤ በየሰዓቱ እየተቀያየራችሁ ያዙት። ፓስፖርቱን ግን አንድ ሰው አይያዘው። እያንዳንዱ የራሱን ፓስፖርትና አንድ የባንክ ካርድ ይያዝ፤ ቦርሳው ቢሰረቅ ወይም ብትጠፋፉ አንዱ በአንዱ ላይ አይታገትም። የፓስፖርቱን ዋና ገጽ፣ ቪዛውንና ትኬቱን ፎቶ አንስታችሁ ተላላኩ፤ ኢንተርኔት ባይኖርም እንዲከፈት ስልኩ ላይ አስቀምጡት። ካርታውንም አውርዱት። የስልክ ባትሪ ካሜራና ካርታ እየተጠቀሙ ሲውሉ ከሰዓት በኋላ ያልቃል፣ የመሳፈሪያ ካርዱም እዚያው ስልክ ላይ ነው፤ ፓወር ባንክ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ለበረራው የምትለብሱትን ልብስ፣ ካልሲና የጥርስ ብሩሽ በአንድ ከረጢት አድርጋችሁ ሻንጣው አናት ላይ አስቀምጡ። ማታ ሬሴፕሽን ወለል ላይ ሻንጣ በርብሮ መፈለግ ጊዜም ይወስዳል፣ ዕቃም ያስረሳል።

ለመጨረሻው ቀን ምን ዓይነት ቦታ ይሻላል?

ሩቁን አስቀድሙ፣ ቅርቡን ለመጨረሻ አድርጉ። በሰዓት የሚገባበትን ጠዋት፣ ሰዓት የሌለውን ከሰዓት በኋላ። እንዲህ ካደረጋችሁ ቀኑ ቢዘገይ የሚቆረጠው የመጨረሻው የእግር ጉዞ ይሆናል፤ ገንዘብ የተከፈለበት ትኬት አይቃጠልም።

ሙዚየም ከመረጣችሁ ሁለት ነገር አረጋግጡ። ብዙ ሙዚየሞች በሳምንት አንድ ቀን፣ አዘውትሮም ሰኞ፣ ይዘጋሉ። የመጨረሻው መግቢያም ከመዝጊያው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ይላል፤ «እስከ 17:00 ክፍት ነው» የሚለው እስከ 17:00 ያስገባል ማለት አይደለም። በሩ ላይ የቦርሳ ማቆያ ሰልፍ ካለ ለመግቢያ 15፣ ለመውጫም 15 ደቂቃ ጨምሩ።

ለዚህ ቀን የማይሆኑ አሉ፦ ከከተማ ውጭ የሆነ የሙሉ ቀን ጉዞ፣ በሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ የሚመላለስ ባቡር የሚያስፈልገው ቦታ፣ ነፋስ ሲነሳ የሚቆም የገመድ መኪና፣ መመለሻው በሌላ ሰው እጅ የሆነ የጀልባ ጉዞ። መኪናው ወይም ጀልባው ሲበላሽ እናንተ ማድረግ የምትችሉት ነገር የለም። ከእነዚህ ይልቅ በራሳችሁ እግር መውጣት የምትችሉበትን ቦታ ምረጡ። እያዩ፣ ፎቶ እያነሱ ሲራመዱ ፍጥነቱ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ገደማ እንጂ ካርታው የሚለው 5 አይደለም።

ዝናብ ከመጣ የሚተካ አንድ ጣሪያ ያለው ቦታ ቀድማችሁ ያዙ። ከርጥብ ጫማ ጋር አሥር ሰዓት መቀመጥ ከባድ ነው።

እኔና እሷ የምንወደው የተለያየ ነው። ተለያይተን ብንጎበኝስ?

ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ለሁለት ሰዓት ከሆነ። አንዱ ሥዕል ማየት ሲፈልግ ሌላው ገበያ መዞር ከወደደ፣ ተያይዞ መሄድ ሁለቱንም ያደክማል፤ ተለያይታችሁ ስትገናኙ ግን የምትነጋገሩት ይኖራችኋል። መገናኛው ሕንፃ ውስጥ፣ በር ያለው፣ መቀመጫ ያለው ቦታ ይሁን፤ «ሐውልቱ ጋ» የሚባለው አደባባይ አራት ማዕዘን አለው። ሰዓቱ ከመመለሻችሁ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቅደም። ስልክ ቢዘጋ ምን እንደሚደረግም ተስማሙ፦ 20 ደቂቃ ከጠበቃችሁ በኋላ ሁለታችሁም ሻንጣው ወዳለበት ትሄዳላችሁ፤ ሌላ ቦታ መፈለግ የለም።

ቼክ ኢን መቼ እናድርግ? ጎን ለጎን እንድንቀመጥስ?

የኢንተርኔት ቼክ ኢን (የመሳፈሪያ ምዝገባ) ብዙ ጊዜ ከበረራው 24 ሰዓት በፊት ይከፈታል፤ አንዳንዱ 48 ሰዓት። እንደተከፈተ አድርጉት። ትኬቱን በአንድ የቦታ ማስያዣ ቁጥር ከገዛችሁ ሲስተሙ አብሮ ሊያስቀምጣችሁ ይሞክራል። ለየብቻ ከገዛችሁ ግን አየር መንገዱ አብራችሁ መሆናችሁን አያውቅም፤ ደውላችሁ ሁለቱ ቁጥሮች እንዲያያዙ ጠይቁ። ትኬቱ ላይ ያለው ስም ፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር በፊደል መመሳሰሉንም ያን ቀን ሳይሆን ቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ከጋብቻ በኋላ የቤተሰብ ስም የቀየረ ሰው ትኬቱን በአዲሱ፣ ፓስፖርቱን በአሮጌው ስም ይዞ ሲገኝ ይቆማል። ብዙ አገሮች ፓስፖርቱ ከጉዞው በኋላ ቢያንስ 6 ወር እንዲቆይ ይጠይቃሉ።

ልብሳችሁን በሁለቱ ሻንጣ ቀላቅላችሁ ክተቱ። አንዱ ሻንጣ ቢዘገይ ሁለታችሁም የምትቀይሩት አይጠፋም።

የመጨረሻ ቀን ግዢ ላይ ምን እንጠንቀቅ?

ሻንጣው ከተዘጋ በኋላ የሚገዛ ነገር ሁሉ በእጅ ሻንጣ ፍተሻ ያልፋል። ማር፣ ሽቶ፣ ዘይት፣ ክሬም፣ ውኃ የሞላበት የመስታወት ኳስ፣ ሁሉም ፈሳሽ ይባላል፤ በብዙ ኤርፖርቶች እያንዳንዱ ዕቃ ከ100 ሚሊ ሊትር መብለጥ የለበትም፣ ሁሉም በአንድ ሊትር ግልጽ ከረጢት መግባት አለበት። የሚለካው መያዣው ነው፤ በ200 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ ግማሽ ሽቶ ቢኖርም ይወሰዳል። ከዲዩቲ ፍሪ የገዛችሁት ፈሳሽ በታሸገው ከረጢት ይቆይ፣ ትራንዚት ካላችሁ እስከ መጨረሻው መድረሻ አትክፈቱት። ለመታሰቢያ የሚሸጥ ቢላዋ ወይም መቀስ ደግሞ ወደሚጫነው ሻንጣ ብቻ ነው የሚገባው።

የሚጫን ሻንጣ ብዙ ጊዜ የሚፈቀደው 23 ኪሎ ነው። ትኬታችሁ ለእያንዳንዳችሁ 23 ካለ አንዱ 27፣ አንዱ 19 ቢሆን «ድምሩ 46 ነው» ማለት ሁልጊዜ አያስኬድም፤ ብዙ አየር መንገዶች እያንዳንዱን ሻንጣ ለብቻው ይመዝናሉ። ሆቴሉ ሚዛን ካለው ጠዋት መዝኑ።

ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫን ሻንጣ አይሄድም፤ ሊቲየም ባትሪ ቢቀጣጠል ካቢን ውስጥ ሰው ያጠፋዋል፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ግን ማንም አይደርስበትም። የባትሪው የኃይል መጠን የሚለካው በዋት ሰዓት ነው፤ እስከ 100 ዋት ሰዓት የሆነው ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ሚሊ አምፔር ሰዓቱን በቮልቱ አባዙና ለ1,000 አካፍሉ። 20,000 በ3.7 ሲባዛ 74 ዋት ሰዓት ይሆናል። ባትሪው ላይ መጠኑን የሚናገረው ጽሑፍ የተፋቀ ከሆነ ሊወሰድባችሁ ይችላል።

ለውጭ ጎብኚ የሚመለስ ታክስ ባለበት አገር ከሆናችሁ ዕቃውን ከሻንጣው በላይ አድርጉት፣ ጉምሩኩ ዕቃውን አይቶ ወረቀቱን ወይም የኤሌክትሮኒክ ማረጋገጫውን የሚሰጠው ሻንጣው ከመረከቡ በፊት ነው። ለዚህ ሰልፍ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ጨምሩ።

ቀኑን ሙሉ መራመድ ለበረራው አይከብደንም?

መራመዱ ራሱ ጥሩ ነው። አደጋው ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም መቀመጥ ነው፤ ከ4 ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ በእግር የደም ሥር ውስጥ የደም መርጋት የመከሰቱን ዕድል ከፍ ያደርጋል። አውሮፕላን ውስጥ በየሰዓቱ ተነሱ፣ ተቀምጣችሁም ቁርጭምጭሚት አንቀሳቅሱ። ከዚህ በፊት ደም የረጋበት፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ከሐኪም ጋር ትነጋገር፤ እግርን የሚጨብጥ ካልሲ ሊታዘዝ ይችላል። ነፍሰ ጡሯ ከ28 ሳምንት በላይ ከሆናት ብዙ አየር መንገዶች የሐኪም ወረቀት ይጠይቃሉ፤ አንድ ልጅ ላረገዘች ከ36 ሳምንት በኋላ በአብዛኛው አያሳፍሯትም።

አዲስ ጫማ አታድርጉ። እግር በቀኑም፣ በበረራውም ያብጣል፤ ማሰሪያው የሚላላ ጫማ ይሻላል። የካቢን አየር እርጥበቱ ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ስለሆነ፣ በፀሐይ ተቃጥሎና ውኃ ሳይጠጣ የዋለ ሰው ራስ ምታት ይዞት ይገባል። የካቢኑ ግፊት ደግሞ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ስለሆነ በሆድ ውስጥ ያለ ጋዝ ይሰፋል፤ ከመብረራችሁ በፊት ባለው ምግብ ላይ ጥራጥሬና ጋዝ ያለው መጠጥ ቀንሱ። ያልበሰለና ቀምሳችሁት የማታውቁትን ነገር ለዚያ ምሽት አታድርጉት። ባሕር ውስጥ በአየር ጋን ጠልቃችሁ ከነበረ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከጠለቃችሁ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግማችሁ ከጠለቃችሁ 18 ሰዓት ሳይሞላ አትብረሩ፤ 24 ሰዓት መጠበቅ የበለጠ ያስተማምናል።

ክፍል የለንም። የት እንታጠብ?

አንዳንድ ሆቴሎች መታጠቢያ ለተሰናባች እንግዳ ይፈቅዳሉ፤ ጠዋት ጠይቁ። መዋኛ ቤት፣ የሰዓት ኪራይ ያለው ክፍል፣ ኤርፖርት ውስጥ በክፍያ የሚገባበት ላውንጅም (የመንገደኞች ማረፊያ ክፍል) ይሠራል። ምንም ካልተገኘ ፊት፣ ብብትና እግር በእርጥብ ፎጣ ማጽዳትና ንጹሕ ካልሲ መልበስ ብቻውን ለውጡ ትልቅ ነው።

እንቅልፋችንስ? እንድንደክም ሌሊቱን ሳንተኛ እንሂድ?

አታድርጉት። ሳይተኛ የዋለ ሰው ቀኑን በድካም ይጎበኛል፣ አውሮፕላን ውስጥም ተቀምጦ የሚተኛው የተቆራረጠ ነው። ቡና ከመተኛታችሁ 6 ሰዓት በፊት አቁሙ፤ ከተጠጣው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ወደ ምሥራቅ የሚደረግ በረራ ከምዕራቡ ይከብዳል፣ ሰውነት ቀኑን ማሳጠር ይቸገራል። በግምት ለአንድ የሰዓት ልዩነት አንድ ቀን ስጡት፤ በደረሳችሁበት የመጀመሪያ ቀን ከባድ ቀጠሮ አትያዙ።

ዘግይተናል። አሁን ምን እናድርግ?

ጉብኝቱን እዚያው አቁሙ። ቼክ ኢን ካላደረጋችሁ በመንገድ ላይ ሆናችሁ አድርጉ። መንገዱ ከተዘጋጋ ከታክሲ ይልቅ ባቡር ምረጡ። «አንቺ ቅደሚ፣ እኔ ሻንጣዎቹን ላምጣ» የሚለው ብዙም አያዋጣም፤ ያንዱን ሻንጣ በሌላው ስም ማስረከብ አይቻልም፣ ሁለታችሁም ከነፓስፖርታችሁ መገኘት አለባችሁ። አንዱ ቀድሞ ከደረሰ ግን ለሠራተኛው መናገሩ ይጠቅማል፤ ዝም ብሎ የሰልፍ ጫፍ ላይ መቆም ሰዓቱን ይበላዋል። የበረራ ቁጥሩንና መነሻ ሰዓቱን ጮክ ብላችሁ ንገሩ።

እንደማትደርሱ ካወቃችሁ አውሮፕላኑ ሳይነሳ ለአየር መንገዱ ደውሉ። ከመነሳቱ በፊት ቀን መቀየር ብዙ ጊዜ በክፍያ ይቻላል፤ ሳትናገሩ ከቀራችሁ ግን ትኬቱ እንደቀረ ተሳፋሪ ይመዘገባል፣ በዚያው ትኬት ላይ ያሉት ቀጣይ በረራዎችም፣ መመለሻውን ጨምሮ፣ ብዙ ጊዜ ይሰረዛሉ። ሻንጣ መቀበያው ተዘግቶ በሩ ገና ክፍት ከሆነ፣ ሠራተኛው ከፈቀደ ትንሹን ሻንጣ በእጅ ይዞ መግባት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ያለውን ፈሳሽና ስለት ያለውን ሁሉ ፍተሻው ላይ ሳይሆን ከሰልፉ በፊት አውጡ።